የዘጠኝ ሜትሩ አጥርና ቡገንቪሊያው

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12፣ 2016

ከሥራ ስመለስ የቀለበት መንገዱ አካፋይ ላይ ያለውን ቡገንቪሊያ፣ ያንን ወይን ጠጅ የሚያብብ ባለ እሾህ ተክል፣ የሚከረክሙ ሴቶች አየሁ። የቆረጡትን እንደ ነዶ እያሰሩ ዳር ላይ ይከምሩታል። ታክሲው በመኪና ብዛት ቆሞ ስለነበር "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩ። እዚያ ሰፈር ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ጉዳዬ የእኛ አጥር ነው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለው ግቢያችን ዘጠኝ ሜትር ያልተለሰነ ብሎኬት ሳሎኑ መስኮት ፊት ተገትሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍጥጦብናል። ማስለሰኛ ዋጋ ጠይቀን፣ ሰምተን፣ ዝም ብለናል። በዚህ ተክል ብሸፍነውስ ብዬ ነው።

"እትዬ፣ ከዚህ ጥቂት ብወስድስ?" አልኳቸው በዕድሜ ጠና ያሉትን።

"ሁሉንም ውሰጂው ልጄ፣ ሸክም ነው የምታቀልዪልን።" ከዚያ ደግሞ የያዝኩትን አይተው ከእጄ ነጠቁኝ። "ይሄን ለምለሙን ተዪው፣ ውሃ ብቻ ነው። እንጨት የሆነውን ያዢ።" ጓንታቸውን እንዳጠለቁ አመድማ ቅርፊት ያለውን እየመረጡ ሰጡኝ። ልሄድ ስል፣ "ሲይዝልሽ ደግሞ ውሃ አታብዢበት። ይሄ ጥጋብ አይችልም" አሉኝ።

በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። እሾሁ ከረጢቱን በስቶ አጠገቤ ማንንም ስላላስቀመጠ አልተከራከርኩም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

24 ቁራጭ ወጣኝ። እያንዳንዱ አንድ ስንዝር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውፍረቱ ከእርሳስ ይጀምርና የአውራ ጣቴን ያህል የሚሆንም አለ። የታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ (ቡቃያ ከሚወጣበት ቦታ) ሥር ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። ቅጠሉ ከተመለመለ በኋላ ራሱና እግሩ ስለማይለይ ይሄ ምልክት ነው፤ ዘቅዝቆ የተከለ ሰው በከንቱ ይለፋል። ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አነሳሁለት። ሥር የሌለው እንጨት ቅጠል ከተሸከመ የያዘውን እርጥበት በቅጠሉ ተንፍሶ ይጨርሳል።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኔ አሸዋና ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል በእኩል ቀላቅዬ፣ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጀሪካን ሞላሁ። እማዬ መጥታ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አየችው።

"ባዶ አሸዋ ምን ያበላዋል?"

"ገና አፍ የለውም እኮ እማዬ። ሥር ሲያወጣ ነው የሚበላው።"

አላሳመንኳትም። ስለዚህ ስምንቱን በእኔ አሸዋ፣ ስምንቱን በእሷ ጥቁር አፈርና የበሰበሰ ፍግ ተከልን። ባለቤቴ ደግሞ የሆነ ቦታ አይቻለሁ ብሎ የቀሩትን ስምንት አፉ በተቆረጠ ሀይላንድ ውስጥ ውሃ ላይ አቆማቸው። ሦስቱንም ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ የሚያገኘው በረንዳ ጥግ ደረደርን። የአሸዋውን ጀሪካን ከሥሩ በምስማር አሥራ አምስት ቦታ በሳሁት። እማዬ የእሷን ጣሳ አልበሳችም፤ "ውሃው ለምን ይፈሳል?"

እሑድ፣ ሚያዝያ 27። ፋሲካ

ሁሉም ዓይን አወጡ! የውሃዎቹም ጭምር። ከዶሮው በፊት እነሱን ነው ያየሁት። እንግዳ ሁሉ እየመጣ "ያዘ በቃ!" ይላል።

አላስችል ብሎኝ ከአሸዋው አንዱን ነቅዬ አየሁት። እንደ ተከልኩት ነው፤ እግሩ ላይ ምንም የለም። ያ ቅጠል ግንዱ ውስጥ በተጠራቀመ ስንቅ የወጣ ነው፤ ስንቁ ሳያልቅ ሥር ካልመጣ ተመልሶ ይጠወልጋል። ለእንግዶቹ አልነገርኩም፣ በዓል ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ስድስት ሳምንት ሆነ። ውጤቱ ይኸው፦ ከውሃው ስምንት ዜሮ። እግራቸው ጠቁሮ ለስልሷል፣ ሽታው የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ሳይቀየር የሰነበተ ዓይነት ነው። ከእማዬ ጥቁር አፈር ሁለት፤ የቀሩት ስድስቱ ከአፈሩ ወለል በታች እንደ ከሰል ሆነዋል። ከአሸዋው ስድስት። (ከሞቱት ሁለቱ አንዱ በፋሲካ የነቀልኩት ነው፤ እሱን የገደልኩት እኔ ነኝ።)

ከአሸዋው አንዱን በማንኪያ ቆፍሬ አወጣሁት። ሰያፉ ቁስል ዙሪያ እንደ ጨው ቅንጣት ነጭ እባጭ ከቧል። ከእባጩ አራት ሥሮች ወጥተዋል፤ እንደ ቀቀሉት ፓስታ ነጭ፣ ጫፋቸው ብርሃን የሚያስተላልፍ። የአንዱን ርዝመት ልለካ ማስመሪያ ሳስጠጋ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የቡገንቪሊያ ሥር ተሰባሪ ነው ሲባል ይህን ያህል አልመሰለኝም ነበር።

እማዬ ጣሳዋን ስትደፋ የታችኛው አፈር ጭቃ ሆኖ ወጣ። "አፈሩ ነው እንጂ ፍጉ አይደለም" አለች። ግማሽ እውነት አላት። የእኛ አካባቢ አፈር መረሬ ነው፤ ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ አየር አያሳልፍም። የተቆረጠ እንጨት እዚያ ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል።

እሑድ፣ ሰኔ 23

ስምንቱንም ከሳምንት በፊት ወደ ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ አዛውሬ ነበር። ሁለት እጅ ቀይ አፈር (ከእንጦጦ በኩል የመጣ ብሎ ሻጩ ምሎልኛል)፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት። ሁለቱ በዝውውሩ ሞቱ። አፈሩ ከሥሩ ላይ ተንዶ ሥሩ ራቁቱን ቀረ፣ በሳምንቱ ቅጠሉ ተልፈሰፈሰ። ስድስት ቀረ። ለሚቀጥለው፦ ችግኙን ከግንዱ ይዞ መሳብ ክልክል! ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ነው የሚወጣው።

ነሐሴ 2016

ክረምቱ አይጻፍም። ፀሐይ የለም፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ወረረው። በሳሙና ውሃ በስፖንጅ አጥቤ አስለቀቅኩ። ችግኞቹን ዝናብ እንዳያሰምጣቸው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስገብቻለሁ። እማዬ "ጎረቤት ሁሉ ዝናብ ሲጠጣ የእኛ ብቻ ተጠሙ" ብላ በጆግ ታጠጣለች። አንዱ ሰመጠ፣ አምስት ቀረ።

አንዱን ለጎረቤታችን ለጋሼ ሰጠሁ። የአጥሩ ተካፋይ ናቸው፤ እሾሁ ወደ እሳቸው ሲሻገር እንዳይቆጡ አስቀድሜ እጅ መንሻ ማቅረቤ ነው።

እሑድ፣ መስከረም 19፣ 2017

የመስቀል ችቦ አመድ ገና ከደጅ አልተጠረገም። የመትከያ ቀን ነው ብለን ተነሳን።

ትናንት 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ ደፍቼ አደርኩ። ጠዋት ሳየው ውሃው እዚያው ነው፣ ላዩ ላይ ጉንዳን ተንሳፍፏል። እንግዲህ ጉድጓድ ከተባለ ጉድጓድ አይደለም፣ ገንዳ ነው። አንዳንዱ ሰው ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ በጥሩ አፈር ይሞላዋል፤ መረሬ ላይ ግን ያ ጥሩ አፈር በጭቃ ግድግዳ የተከበበ ጣሳ ይሆናል፣ የእማዬን ጣሳ በሰፊው መድገም ነው። በጋ ሲመጣ ደግሞ መረሬው እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ያንን ተሰባሪ ሥር ይዞት ይቀደዳል።

ስለዚህ ወደ ታች መቆፈሩን ትቼ ወደ ላይ ከፍ አልኩ። ከቤቱ ግንባታ የተረፈውን ድንጋይ አጥሩ ሥር በግማሽ ክብ ደርድሬ፣ ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሬድ አሽ፣ ከላይ ቀይ አፈርና አሸዋ በጥቂት ኮምፖስት፣ ጉልበት ላይ የሚደርስ አራት ክምር ሠራሁ። በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሜትር ከትንሽ አለ። ከአጥሩ 40 ሴንቲ ሜትር አራቅኳቸው፤ የብሎኬቱ መሠረት ሥር የሲሚንቶ ፍርፋሪ ብዙ ነው። ፕላስቲኩን ከሥሩ በምላጭ ቀድጄ፣ ችግኙን ካስቀመጥኩ በኋላ ጎኑን ሰንጥቄ ሳብኩት። አንድም አፈር አልተናደም። ከዚህ ሁሉ ሥራ የምኮራበት ያንን ደቂቃ ነው።

እማዬ ከመቀመጫዋ ሆና፣ "መቃብር አስመሰልሽው" አለች። አራት ክምር ድንጋይ በተርታ... ልክ ናት፣ ግን በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ሌላ ቦታ ግቢው ውስጥ የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ውርጭ መታን። ሰሞኑን ሰማዩ ጥርት ብሎ እያደረ ነው፤ ብርዱ የሚወርደው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ጠዋት የሮቶው ክዳን ላይ ነጭ ነገር ነበር። ዳር ያለው አራተኛው ተክል፣ ከአጥሩ ማለቂያ አጠገብ ነፋስ የሚያገኘው፣ ጫፉ በሙሉ በፈላ ውሃ እንደተነከረ ጎመን ሆኗል። መሀል ያሉት ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ስለሚተፋ ግድግዳ የተጠጋ ይተርፋል። ያ ሁለት ዓመት የተማረርኩበት አጥር ለካ ምድጃ ነው።

የጠቆረውን ልቆርጥ መቀስ ይዤ ወጣሁና ተውኩት። ብርዱ ሳያልፍ ከተቆረጠ ከሥር ያለው ዓይን ይነቃል፣ የሚቀጥለው ውርጭ ያንን ለጋ ይጨርሰዋል። የሞተው ጫፍ ለሕያው ልብስ ሆኖ ይቆይ። ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት አለብሳለሁ። እማዬ ለአራተኛው አሮጌ ጋቢ አወጣችለት፤ በእሷ ቤት ከረጢት ለእህል ነው።

እሑድ፣ የካቲት 30

ብርዱ አለፈ፣ የጠቆረውን እስከ አረንጓዴው ድረስ ቆረጥኩ። አራተኛው ከጉልበት በታች ቀርቶ ነበር፣ አሁን በሦስት ቦታ አቆጥቁጧል።

አጥሩ ላይ ቡሎን ቀብሬ ሁለት ረድፍ ሽቦ ወጠርኩ። ቡገንቪሊያ ሐረግ ይመስላል እንጂ ራሱን ችሎ አይጠመጠምም። እሾሁን እንደ ሜንጦ እየተጠቀመ ሌላው ላይ ይደገፋል፣ ባዶ ግድግዳ ላይ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ወደ ፊት ይወድቃል። በአሮጌ ካልሲ ቁራጭ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ክንዴ ድመት የቧጨረው ይመስላል።

ሌላ ነገር፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። ውሃ ማነስም መብዛትም አይመስልም። ክምሩን ጫር ጫር ሳደርግ ከላዩ ሁለት ጣት አመድ! እማዬ በየጠዋቱ የምድጃውን አመድ ስታለብሳቸው ከርማለች። ለጎመን ጥሩ ነው፣ ዕድሜ ልኳን ያየችው እሱን ነው። ይሄ ግን ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው፤ አመድ ያንን ሲገለብጠው ቅጠሉ የሚያስፈልገው ብረት አፈር ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። አመዱን ጠርጌ አነሳሁ። ስለምትደፋባቸው የቡና አተላ ዝም ብያለሁ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መከልከል አይቻልም።

ነሐሴ 2017

አጥሩ ሁለት ሦስተኛው ተሸፍኗል። ቅርንጫፉ ሁለት ሜትር አልፏል፣ ቅጠሉ የብርቱካን ቅጠል ይመስላል፣ አንድም አበባ የለም። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም!

ጋሼ አጥሩን ተደግፈው አዩት። "ልጄ፣ አትልፊ። የአንቺዎቹ ወንድ ናቸው። የኔዋ ሴት ናት።" የእሳቸው እውነትም ግንቦት ላይ አብባ ነበር። በራቸው ጎን ጠጠር መሀል ወሽቀዋት ረስተዋታል። አክብሬ ዝም አልኩ እንጂ፣ የእሳቸዋም ሆነች የእኔዎቹ የተቆረጡት ያን ቀን ከአንድ ክምር፣ ምናልባትም ከአንድ ግንድ ነው። ከአንድ ግንድ የተቆረጠ ወንድና ሴት አይሆንም። ደግሞም የቡገንቪሊያ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ላይ የያዘ ነው።

አበባው ራሱ ብዙ ሰው የሚያውቀው አይደለም። ያ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው ወይን ጠጅ ነገር ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚገጥም። እውነተኛው አበባ መሀሉ ላይ የቆመው እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ኮከብ ያለው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። ከ1766 እስከ 1769 በአውሮፓ አቆጣጠር ዓለምን ሲዞር፣ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊበር ኮሜርሶን በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሰበሰበው። የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ ሴት ነበረች፤ መርከቡ ሴት ስለማይጭን የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የተሳፈረችው፣ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀውም እሷ ናት። ስለ ወንድና ሴት ጋሼ ሲያነሱ እሷ ትዝ አለችኝና ሳቄ መጣ። "ምን ያስቅሻል?" አሉኝ፣ ቢነገራቸው ረጅም ነው።

የመንገድ አካፋይ፣ የጋሼ ጠጠር፣ የእኔ ክምር። የሚያብቡት ሁለቱ ማንም የማያጠጣቸው ናቸው። ቀኑ አጥሮ ነው የሚያብበው የሚሉ አሉ፣ እውነትም ወደ ሰሜኑና ወደ ደቡቡ ዓለም ሲኬድ ያ ይሠራል። እኛ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ነን፣ በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ለእኛ የሚለወጠው ዝናቡ ነው። "ይሄ ጥጋብ አይችልም" ብለውኝ ነበር፣ ዓመት ሙሉ እያጠገብነው!

እሑድ፣ መስከረም 18፣ 2018

ዝናቡ እያበቃ ነው። የረዘመውን ሁሉ በሲሶ ከረከምኩ፤ አበባ የሚመጣው አዲስ በሚወጣው ጫፍ ላይ ነው። ኮምፖስት የለም፣ አተላ የለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሃም የለም አልኩ።

"በቁማቸው ልትገያቸው ነው?" እማዬ ጆጉን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

ረጅም ድርድር ሆነ። በመጨረሻ አጥሩን ለሁለት ከፈልነው። ከበሩ በኩል አንደኛውና ሁለተኛው የእሷ፣ እንደፈለገች ታጠጣለች። ሦስተኛውና አራተኛው የእኔ፣ ቅጠሉ እስኪያንቀላፋ ድረስ ማንም አይነካቸውም። ባለቤቴ ምስክር ሆኖ ቆመ። ጋሼ ከወዲያ ማዶ "ወንድ ናቸው ብያለሁ!" አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

በጥቅምት አጋማሽ የእኔዎቹ አስፈሩኝ። ቅጠላቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀትር ላይ ይወድቃል፣ ማታ ይነሳል። ማታ መነሳት ሲያቅታቸው አንዳንድ ጆግ ሰጠኋቸው፣ ከዚያ እንደገና ጾም። በጥቅምት መጨረሻ ከእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ሥር የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ነገር ወጣ፤ እሾህ መስሎኝ ነበር። እሾሁም አበባውም ከአንድ ቦታ ነው የሚነሱት፣ ከቅጠሉ ብብት፤ ለማየት ዓይን ማስጠጋት ይጠይቃል። ከዚያ ቅንጣቱ ተከፈለ፣ ጫፉ ቀላ።

ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን እኛም በመስከረም የተከረከመውን ደረቅ እሾህ አነደድን። ጢሱ ሲሳሳ አጥሩ ከኋላው ወጣ። የእኔ በኩል ያለው አራት ሜትር ተኩል ወይን ጠጅ ነው። ብሎኬቱ አይታይም። የእማዬ በኩል ለምለም አረንጓዴ ነው፣ ዝንፍ ያላለ፣ እንደ ተቀባ።

እማዬ መጥታ አንዱን ቀነጠሰች፣ ሦስቱን ቀላ ያሉ ቅጠሎች ገልጣ መሀሉን ቱቦ አየችው። "አበባዋ ይቺ ናት?"

"አዎ።"

"ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ ልብስ?" ከዚያ ሁለቱን ወገን በዓይኗ ለካች። "የኔዎቹ ጤነኛ ናቸው። የተሰቃዩት ያንቺዎቹ ናቸው።"

ጋሼ አንድ ቀን ሙሉ ብቅ አላሉም። ማታ ላይ በአጥሩ አናት፣ "ሁለቱ ሴት ወጡ ማለት ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ለሥራ ስወጣ የእኔዎቹ ሥር ርሶ አገኘሁት። ድንጋዮቹ ላይ ሳይቀር ውሃው ገና አልደረቀም።

"እማዬ! ተስማምተን አልነበር?"

"እንዲህ የደከመ ሰው ውሃ አይጠጣም?" አለች ከውስጥ።

ቀለም ካወጣ በኋላ እኮ መጠነኛ ውሃ ይፈልጋል፤ ካልሆነ የለበሰውን ቶሎ ያረግፈዋል። ዛሬ ማታ አንዳንድ ጆግ ላጠጣቸው ነበር። አልነገርኳትም።